ሥጋ ሲወደድ አርቢው ለምን አይጠቀምም? ስለ ሰንጋ ዋጋና ስለ ቄራዎች ፉክክር

የአርቢው ልጅ (ውይይቱን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ከብት አድላቢ ነው። እኔም በረት አካባቢ ነው ያደግሁት። አሁን ሌላ ሥራ ላይ ነኝ፤ ሰንጋ በሚሸጥበት ቀን ግን ሁሌም አጠገቡ ነኝ።

ባለፈው 14 ሰንጋ ለሽያጭ ደርሶ ነበር። የመጣው ገዢ አንድ ብቻ ነው። ከመኪናው ሳይወርድ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ዋጋውን ነገረን። አባቴ "እስቲ ትንሽ ከፍ አድርገው" አለው። ገዢው ክፉ አልተናገረም። "አባባ፣ ሌላ ገዢ ካለዎት ይሽጡለት" ነው ያለው። ሌላ ገዢ እንደሌለ ሦስታችንም እናውቃለን። አባቴ መልስ አልሰጠም። ሄዶ የበረቱን መወርወሪያ አነሳ።

በዚያው ሳምንት ሥጋ ጨመረ ሲባል ሰማሁ። ተናደድኩ። ግን መናደዱ ብቻ የትም አያደርስም፤ ነገሩን መረዳት እፈልጋለሁ። ሥጋው ሲወደድ ትርፉ የት ነው የሚቀረው? ለአርቢው ተገቢ ዋጋ የሚባለውስ ምንድን ነው? የምታውቁ ንገሩኝ።

ሒሳብ ወዳጅ

ወንድሜ፣ መልሱ እዚያው ታሪክህ ውስጥ አለ። የመጣው ገዢ አንድ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚያ የሚከተል ነው።

ሰንጋ እንደ እህል ጎተራ ገብቶ ዋጋ አይጠብቅም። ከደለበ በኋላም መኖ መብላቱን አያቆምም። ከዚያ ወዲያ የሚጨምረው ግን በአብዛኛው ሞራ ነው። ሞራው ሲበዛ ደግሞ ገዢው "ከልክ አልፏል" ብሎ ይቀንስበታል። ስለዚህ አርቢው ያለው ጊዜ ጥቂት ሳምንት ነው። ቄራው ዛሬ ካንተ ባይገዛ ነገ ከጎረቤትህ ይገዛል። አንዱ መጠበቅ ይችላል፣ ሌላው አይችልም። ድርድሩ ከመጀመሩ በፊት ያለቀው እዚህ ላይ ነው።

ሞኖፖል ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው አንድ ሻጭ ነው። ሸማቹን አስጨንቆ ዋጋ የሚሰቅል። እዚህ ግን ነገሩ ተገልብጧል፤ ሻጩ ሺህ ነው፣ ገዢው አንድ ወይም ሁለት።

በደንብ የተጠናው የአሜሪካ ገበያ ስለሆነ ከዚያ ልጥቀስ (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እዚያ ታይሰን፣ ጄቢኤስ፣ ካርጊልና ናሽናል ቢፍ የሚባሉ አራት ኩባንያዎች ከደለበው ከብት ወደ 85 በመቶ የሚሆነውን ያርዳሉ። በ1977 የአራቱ ትልልቆች ድርሻ 25 በመቶ ገደማ ነበር። ደግሞ አራት የሚለው ቁጥር ያታልላል። ከብት ሩቅ መንገድ ሲጓዝ ይከሳል፣ ይጎዳል፣ የመኪናው ወጪም አለ። ስለዚህ አንድ አድላቢ በእውነት ሊሸጥላቸው የሚችሉት አራቱ ሳይሆኑ በአቅራቢያው ያሉት አንዱ ወይም ሁለቱ ናቸው።

አሮጌ ጋዜጣ

እዚህ ላይ ትንሽ ታሪክ ልጨምር፤ ይህ ነገር መቶ ዓመት ያለፈው ጠብ ነው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የአሜሪካን ሥጋ የያዙት አምስት ኩባንያዎች ነበሩ። አርመር፣ ስዊፍት፣ ሞሪስ፣ ዊልሰንና ከዳሂ። ጉልበታቸው በእርድ ብቻ አልነበረም። ከብቱ የሚሸጥበትን ግቢ ይዘዋል። ሥጋው የሚጫንባቸው ባለ በረዶ የባቡር ፉርጎዎችም የነሱ ናቸው። አርቢው ከብቱን ይዞ ሲመጣ ገበያውም፣ ገዢውም፣ መጓጓዣውም አንድ ሰው ሆኖ ይጠብቀዋል ማለት ነው። የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን መርምሮ ጉዳቸውን አወጣ። በ1920 ከከብት ገበያ ግቢዎቹ እንዲወጡ ከመንግሥት ጋር ተስማሙ። በ1921 ደግሞ የሥጋ አቀነባባሪዎችንና የከብት ገበያዎችን የሚመለከት ሕግ ወጣ። አድልዎና ማታለልን የሚከለክል ሕግ ነው፣ ዛሬም ይሠራል።

ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ገበያው ተበታተነ። የጭነት መኪና መጣ፣ መንገድ ተሠራ፣ ከከተማ ውጭ አዳዲስ ቄራዎች ተከፈቱ። የ1977ቱ 25 በመቶ የዚያ ፍሬ ነው።

ነገሩን እንደገና የገለበጠው አይቢፒ የሚባል ኩባንያ ነው። ቄራውን ከትልልቅ ከተሞች አውጥቶ ከብቱ የሚደልብበት አካባቢ ተከለ። በ1967 ደግሞ ሥጋውን በግማሽ አካል አንጠልጥሎ ከመላክ ይልቅ እዚያው በብልት በብልት ቆርጦ፣ አየር አውጥቶ አሽጎ፣ በካርቶን መላክ ጀመረ። ወጪው ወረደ። የቀድሞዎቹ የከተማ ቄራዎች ሊቋቋሙት አልቻሉም፣ ተራ በተራ ተዘጉ። በ1980ዎቹ መዋሃዱ መጣ። አይቢፒን ራሱን በ2001 ታይሰን ገዛው።

ባለ ቢላዋ

ቄራ ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ቆዳ ገፋፊ ነበርኩ፣ በኋላ ብልት ማውጣት ገባሁ። የትኛው ድርጅት እንደሆነ አልናገርም። ስለዚህ ነገር ግን ሁለት ነገር በዓይኔ አይቻለሁ።

አንደኛው ሚዛን ነው። ሰንጋው በቁሙ ሲመዘን ባለቤቱ አጠገቡ ቆሞ ያያል። ዋጋው ግን የሚታሰበው ታርዶ፣ ቆዳው ተገፎ፣ ሆድ ዕቃው ወጥቶ፣ የቀረው ሥጋ ሲመዘን ነው። እዚያ ባለቤቱ አይገባም። የደለበ ሰንጋ ከቁም ክብደቱ 60 በመቶ ያህሉ ነው በመስቀያው ላይ የሚቀረው። አሁን ልብ በሉ። ከመመዘኑ በፊት አንድ ሠራተኛ በቢላዋ ሞራ ያነሳል። ምን ያህል ያንሳ? ሁለት ጣት ጠልቆ ቢቆርጥ ያ ሁሉ ከአርቢው ሒሳብ ይወጣል። የተቆረጠው ግን አይጣልም፣ ቄራው ይሸጠዋል። አለቃችን "ጠበቅ አድርገህ አንሳ" የሚልባቸው ቀናት ነበሩ። እኔም አነሳ ነበር። ያኔ ቆርጬ የማነሳው የማን ገንዘብ እንደሆነ አላሰብኩም። አሁን ሳስበው ይቆጨኛል።

ሁለተኛው ግን ለትልልቆቹ የሚፈርድ ነው። ሥጋው ብቻ አይደለም ገቢው። ቆዳው አለ፣ ሞራው አለ፣ ምላሱ፣ ጉበቱ፣ ጨጓራው፣ ደሙ፣ አጥንቱ ሳይቀር። ትልቅ ቄራ በቀን ሺዎችን ስለሚያርድ ለእያንዳንዱ ገዢ አለው። ትንሽ ቄራ በቀን አሥር ቢያርድ ደሙንና አጥንቱን የሚወስድለት የለም፤ እንዲያውም ለማስወገድ ይከፍላል። ለአንዱ ገቢ የሆነው ለሌላው ወጪ ነው። ስለዚህ ትልቅ መሆን በራሱ ወንጀል አይደለም። ከአንድ ሰንጋ የበለጠ የሚያወጣ፣ ቢፈልግ ለአርቢው የበለጠ መክፈል ይችላል።

ሒሳብ ወዳጅ

ጋሼ ባለ ቢላዋ፣ ስለ ሚዛኑ የጻፉት አስደነገጠኝ። እናመሰግናለን። የመጨረሻዋ ቃልዎ ላይ ግን ልቆም ነው። "ቢፈልግ" አሉ። እንዲፈልግ የሚያደርገው ምንድን ነው? ከሱ ማዶ ሌላ ገዢ ከሌለ ያተረፈውን ለምን ያካፍላል? ቅልጥፍናው እውነት ነው። ወደ አርቢው የሚደርሰው ግን ሁለት ቀልጣፎች ሲሻሙ ብቻ ነው።

ዝናብ ጠባቂ

ትልቅነት ሌላም ጣጣ አለው። በነሐሴ 2019 ካንሳስ ውስጥ ሆልኮምብ በምትባል ከተማ የታይሰን ቄራ ተቃጠለ። በቀን ወደ 6 ሺህ ከብት የሚያርድ ነበር፤ ከአገሪቱ የደለበ ከብት እርድ 6 በመቶ ገደማ። አንድ ሕንፃ ነው እንግዲህ። ወዲያው የሰንጋ ዋጋ ወደቀ። የሥጋው የጅምላ ዋጋ ወጣ። በአንድ እሳት፣ በአንድ ሳምንት።

በ2020 የጸደይ ወራት ደግሞ በኮሮና ሠራተኞች ታመው ቄራዎች ሲዘጉ የቀን እርድ በ40 በመቶ ገደማ ቀነሰ። በረቱ ሞልቷል፣ ሸማቹ ሥጋ አጥቷል። በሰንጋውና በሥጋው ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ያን ያህል ሰፍቶ አያውቅም ነበር። በ2021 ግንቦት መጨረሻ ጄቢኤስ በኮምፒውተር ጠላፊዎች ተመታና በአሜሪካ ያሉት የበሬ ሥጋ ፋብሪካዎቹ ቆሙ። ኩባንያው 11 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ነው የተገላገለው።

አንዳንዱ "ይሄ ሴራ ሳይሆን የገበያ ሕግ ነው፣ ማረጃው ሲጠብ ከብቱ ይረክሳል፣ ሥጋው ይወደዳል" ይላል። ትክክል ነው። ግን ማረጃው በጥቂት ሕንፃዎች ላይ እንዲንጠለጠል ያደረገውስ ምንድን ነው? አደጋ በደረሰ ቁጥር ኪሳራው በአርቢውና በሸማቹ ላይ ወድቆ መሀል ያለው የሚያተርፍ ከሆነ፣ መሀል ያለው መጠባበቂያ የሚያዘጋጅበት ምክንያት የለውም።

የአርቢው ልጅ

እግዜር ይስጣችሁ። እያነበብኩ ብዙ ነገር እየገጠመልኝ ነው። አንድ ጥያቄ። እኛ አካባቢ አሁን ብዙዎቹ አድላቢዎች ውል ፈርመዋል። "ከብትህን ዓመቱን ሙሉ እንወስዳለን፣ ዋጋው በሳምንቱ የገበያ ዋጋ ይታሰባል፣ ከላዩ ትንሽ እንጨምራለን" የሚል ነው። አባቴ እስካሁን አልፈረመም። ይፈርም?

የሕግ ተማሪ

ወንድም፣ ከመፈረሙ በፊት "የሳምንቱ የገበያ ዋጋ" የሚለውን ቃል አጥብቃችሁ ጠይቁ። ከየት ነው የሚመጣው?

የገበያ ዋጋ የሚወጣው ሰው ተከራክሮ ከሚሸጠው ከብት ነው። ውል የፈረመው አይከራከርም፤ ሌሎች ተከራክረው ያወጡትን ዋጋ ነው የሚወስደው። ፈራሚው ሲበዛ ተከራካሪው ያንሳል። በመጨረሻ የጥቂት ከብት ክርክር የሁሉንም ዋጋ ይወስናል። በቴክሳስ አካባቢ በድርድር የሚሸጠው ከ10 በመቶ በታች የወረደባቸው ዓመታት ነበሩ። ገዢው በዚያች ትንሽ ገበያ ላይ ለአንድ ሳምንት ቀዝቀዝ ቢል፣ በውል የያዘው ከብት ስላለው ፋብሪካው አይቆምበትም። የትንሿ ገበያ ዋጋ ሲወርድ ደግሞ በውል የያዘውም አብሮ ይረክስለታል።

ፈራሚው ግን ሞኝ አይደለም። ገዢ አጣለሁ ብሎ ማታ ማታ ከመጨነቅ ያርፋል፣ ባንክም ውሉን አይቶ ያበድረዋል። ለአንድ አርቢ ጥሩ ነው። ሁሉም ሲፈርም ነው ገደሉ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው እዚህ ላይ ልክ ይሆናል።

ይህን አርቢዎች ፍርድ ቤት ወስደውታል። በ2004 አላባማ ውስጥ የተሰየመ የሕዝብ ዳኞች ሸንጎ እንዲህ ያለውን ውል ዋጋ ለማውረድ ተጠቅሟል ብሎ በታይሰን ላይ 1.28 ቢሊዮን ዶላር ፈረደ። ዳኛው ግን ፍርዱን ሰረዘው። ኩባንያው ውሉን ለመጠቀም በቂ የንግድ ምክንያት አለው ተባለ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱም በ2005 ያንኑ አጸና። ከዚያ ወዲህ አርቢ "ዋጋዬ ተጎዳ" ቢል ብቻ አይበቃውም። የመላው ገበያ ፉክክር መጎዳቱን እንዲያሳይ ነው የሚጠየቀው። አንድ ገበሬ ያንን በምን አቅሙ ያስረዳል? ይህ የሚያሳዝነኝ ነገር ነው።

ሕጉ ሁልጊዜ ይተኛል ማለቴ ግን አይደለም። በ2008 ጄቢኤስ ናሽናል ቢፍን ሊገዛ ሲል የፍትሕ ሚኒስቴሩ ከሰሰ። በቀጣዩ ዓመት ኩባንያው ሐሳቡን ተወ። ያ ክስ ባይኖር ዛሬ የምናወራው ስለ ሦስት ኩባንያ ነበር። መዋሃድን ቀድሞ ማስቆም ከተዋሃደ በኋላ ከመለያየት መቶ እጥፍ ይቀላል።

ቀዩ ወይፈን

ይቅርታ፣ ሁሉም በአንድ ወገን ስለሆነ አንድ ነገር ልበል። የአሜሪካ የከብት ቁጥር በድርቅና በሌላም ምክንያት እየቀነሰ መጥቶ ከ1951 ወዲህ ዝቅተኛው ላይ ደርሷል። ውጤቱስ? በ2024 እና በ2025 የሰንጋ ዋጋ ታይቶ የማያውቅ ከፍታ ላይ ወጣ። አቀነባባሪዎቹ ደግሞ ከበሬ ሥጋ ከሰሩ። ኩባንያዎቹ እነዚያው አራቱ ናቸው። ፉክክር ማጣት ብቻውን ዋጋ የሚወስን ቢሆን ይህ እንዴት ሆነ? ከብት ሲያጥር አርቢው ይነሳል፣ ከብት ሲበዛ ቄራው ይነሳል። ሚዛኑ ይወጣል ይወርዳል።

ሒሳብ ወዳጅ

ጥሩ ነጥብ ነው፣ ልክ ነህ። የከብቱ ብዛትና የማረጃው አቅም ዋናው ጉዳይ ነው። ግን ቀጥሎ የሆነውን እየው። በኅዳር 2025 ታይሰን ነብራስካ ውስጥ ሌክሲንግተን ያለውን ትልቅ ቄራ እንደሚዘጋ አስታወቀ። ወደ 3,200 ሠራተኛ የነበረው ነው። ከብት ሲያጥር ገዢው ቄራ ይዘጋል። ከብቱ ሲመለስ ማረጃው ጠብቦ ይጠብቀዋል። አርቢው ጊደር አስቀርቶ፣ አስጠቅቶ፣ ጥጃው አድጎ ለእርድ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ ቄራ ለመዝጋት ግን ወራት ይበቃል። ስለዚህ ጥሩዎቹ ዓመታት ለአርቢው አጭር ናቸው።

የአርቢው ልጅ

እሺ፣ ችግሩ ገባኝ። መፍትሔ የሞከረ አገር ወይም ሰው አለ?

አሮጌ ጋዜጣ

አለ። ለኔ ልብ የሚያሞቀው የኡራጓይ ነው። ጋሼ ባለ ቢላዋ የተናገሩትን የሚዛን ነገር ፊት ለፊት የገጠመች አገር ናት። የአገሪቱ የሥጋ ተቋም ቄራዎቹ ውስጥ ጥቁር ሣጥን የሚሉትን የኤሌክትሮኒክ ሚዛን ዘረጋ። ሰንጋው በቁሙ ሲገባ ይመዘናል። ታርዶ ይመዘናል። ሞራው ከመነሳቱ በፊትና ከተነሳ በኋላም ይመዘናል። ቁጥሩ በቀጥታ ወደ ተቋሙ ይሄዳል። ከ2006 ጀምሮ ደግሞ እያንዳንዱ ጥጃ የራሱ መለያ ቁጥር እንዲኖረው ግዴታ ነው። አርቢው ቤቱ ቁጭ ብሎ የራሱ ሰንጋ ምን ያህል እንደወጣው ያያል። የገዢው ቁጥር አልጨመረም፤ ክርክሩ ግን ከጥርጣሬ ወደ ቁጥር ወረደ።

አየርላንድ ውስጥ በ2019 ክረምት አርቢዎች በቄራ በሮች ላይ ለሳምንታት ቆሙ። በመስከረም ስምምነት ተደረሰ። በኋላም በ2023 መጨረሻ የእርሻና የምግብ ንግድ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሥራ ጀመረ። ዋጋውን ወዲያው አልለወጠውም፣ ግን አሁን የሚጠይቅ አካል አለ።

የሕግ ተማሪ

ስለ መረጃ ካነሣን አንድ አሳዛኝ ነገር ልጨምር። አሜሪካ በ1999 ትልልቅ ቄራዎች የገዙበትን ዋጋ እንዲያሳውቁ አስገደደች። በዓመት 125 ሺህ ከብትና ከዚያ በላይ የሚያርድ ሁሉ ይናገራል። ግን ገዢዎቹ በጣም ጥቂት በሆኑበት ቦታ ዋጋው አይታተምም! ከታተመ የማን እንደሆነ ስለሚታወቅ የንግድ ምስጢር ነው ይባላል። ኮሎራዶ ለዚህ ምሳሌ ናት። መረጃው በጣም የሚያስፈልገው አርቢ ነው መረጃ የሚከለከለው።

ዝናብ ጠባቂ

የራሳቸውን ድርሻ የገዙ አርቢዎችም አሉ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ዩኤስ ፕሪሚየም ቢፍ የሚባል የአርቢዎች ማኅበር ተቋቁሞ በናሽናል ቢፍ ውስጥ ባለድርሻ ሆነ፤ በ2003 ዋናው ባለቤት እሱ ሆነ። አርቢው በሰንጋው ያጣውን በቄራው ትርፍ ያገኘው ነበር። ደግሞም እያንዳንዱ ሰንጋ ታርዶ ምን ዓይነት ሥጋ እንደወጣው ይነገረው ስለነበር የሚያዳቅለውን ኮርማ ሳይቀር አስተካከለ። በ2011 አብዛኛውን ድርሻ ሸጡት። በኋላ አብዛኛውን የገዛው የብራዚሉ ማርፍሪግ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነው፤ አንበሳውን አስሮ ማቆየት ግን ትልቅ ካፒታል ይጠይቃል።

በ2025 ደግሞ ነብራስካ ኖርዝ ፕላት ላይ አርቢዎች የተሳተፉበት አዲስ ቄራ ሥራ ጀምሯል። አቅሙ በቀን 1,500 ነው። መነሻው ላይ ዎልማርት ድርሻ ገዝቶበታል፤ ስለዚህ ሥጋው ወዴት እንደሚሄድ ቀድሞ ታውቋል። እኔ ትምህርቱ እዚህ ያለ ይመስለኛል።

ባለ ቢላዋ

ልክ ነው። ቄራ ለመክፈት ያሰበ ሁሉ መጀመሪያ ይህን ይጠይቅ፦ ቆዳውን ማን ይወስዳል? የፊተኛውን እግር ሥጋ ማን ይገዛል? ሽንጡንማ ማንም ይገዛዋል። ብዙ ትንንሽ ቄራዎች ሲሞቱ ያየሁት ሰንጋ አጥተው አይደለም። የሰንጋውን ግማሽ ሸጠው ግማሹ ማቀዝቀዣ ውስጥ ስለቀረባቸው ነው። የሠለጠነ ብልት አውጪም እንደልብ አይገኝም። ጥሩ ብልት አውጪ ለማሠልጠን ዓመት ይፈጃል።

ለአንተ ለልጄ ግን ነገ ጠዋት የምታደርገውን ልንገርህ። አባትህ በሚቀጥለው ሲሸጥ ሦስት ነገር በወረቀት ይጠይቅ። የቁም ክብደት፣ የሥጋ ክብደት፣ ሞራው የሚነሳው ከመመዘኑ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለውን። እምቢ ካሉት እምቢታቸውን ከነቀኑ ይጻፈው። የ14ቱን ውጤት ጎረቤቶቻችሁ ካገኙት ጋር አስተያዩት። እኔ ውስጥ ሆኜ አይቻለሁ፤ የሚጠይቅ ሰው ከብት ሲመጣ ቢላዋው ይጠነቀቃል።

የአርቢው ልጅ

ጋሼ፣ ይህን መልስዎን ለአባቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ሞራው የሚነሳው ከመመዘኑ በፊት ነው የሚለው ላይ ሲደርስ አስቆመኝና እንደገና አስነበበኝ። 30 ዓመት ሲሸጥ ይህን ጠይቆ አያውቅም።

ውሉን ለጊዜው እንዳይፈርም ተነጋግረናል፤ ቢፈርምም ከከብቱ ግማሹን ብቻ እንዲሆን። በአካባቢያችን ስድስት አድላቢዎች አሉ። እሑድ ቤታችን ጠርቷቸዋል፤ ሁሉም ያለፈውን የሽያጭ ወረቀታቸውን ይዘው ይመጣሉ። ተሰብስበው በአንድ ቀን ቢያቀርቡ ከ80 በላይ ሰንጋ ይሆናል። ለዚያ ያህል ከብት ሩቅ ያለው ሁለተኛው ቄራ መኪና ይልክ እንደሆነ ዛሬ ደውዬ ጠይቄያለሁ። ሰውየው "ስንት ናቸው አልከኝ?" ብሎ ቁጥሩን ደግሞ ጠየቀኝ። ሰኞ እደውላለሁ ብሏል። የሚለውን እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።